የሳይንስ ታሪክ የተሠራበትን ቦታ ብሔራዊ ፓርክ ማድረግ፦ ከማፍረሻው ቀን እስከ ጎብኚው መንገድ

የድንጋይ ግንብ ከዝናብና ከሰው እጅ ከተጠበቀ ዘመን ይሻገራል። አሮጌ የኒውክሌር ሪአክተር ግን ሁለት ዓይነት ጥበቃ ይፈልጋል፦ እሱን ከሰው፣ ሰውንም ከእሱ። ቤተ ሙከራ፣ የፈንጂ መገጣጠሚያ ቤት ወይም የዩራኒየም ማበልጸጊያ አዳራሽ ወደ ፓርክነት ሲለወጥ ሥራው ከተለመደው የቅርስ ጥበቃ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

በዚህ ረገድ ብዙ የሚያስተምረው የአሜሪካው የማንሃተን ፕሮጀክት ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ነው። የመጀመሪያዎቹ የአቶሚክ ቦምቦች የተሠሩባቸውን ሦስት ቦታዎች ይዟል፦ በኒው ሜክሲኮ ሎስ አላሞስን፣ በቴነሲ ኦክ ሪጅን፣ በዋሽንግተን ግዛት ሀንፎርድን። ከዚህ በታች ያለው አሠራር የዚያን አገር ሕግና ተቋማት የተከተለ ነው፤ ዓመታቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የሁሉም ማሰሪያ አንድ ነው፦ አደጋውን የሚያውቀው ባለቤት ከአደጋው ጋር ይቆይ፤ ታሪኩን የሚነግረው ሌላ ይሁን። ይህ ክፍፍል በወረቀት ሳይሰፍር ወደ ጣሪያና ወደ ቀለም ሥራ መግባት ገንዘብ ማባከን ነው።

የማፍረሻውን ቀን መጀመሪያ ይወቁ

የሳይንስ ቦታዎችን አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠፋቸው ዕቅድ ነው። ባለቤቱ መሥሪያ ቤት የተበከለ ሕንጻን የማጽዳት ግዴታ አለበት፤ ግዴታውም በጀት፣ ተቋራጭና የጊዜ ገደብ አለው። የቅርስ ወዳጆች ስብሰባ ሲጠሩ የማፍረሱ ውል ብዙ ጊዜ ተፈርሟል። ዲሴምበር 2 ቀን 1942 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሰው የሠራው የመጀመሪያው ራሱን የሚያስቀጥል የኒውክሌር ሰንሰለታዊ ሂደት የተካሄደው በስታዲየም መቀመጫዎች ሥር ነበር፤ መቀመጫዎቹ በ1957 ፈረሱ። ዛሬ በቦታው የቆመው የሄንሪ ሙር ሐውልት ነው።

ሀንፎርድ ውስጥ በኮሎምቢያ ወንዝ ዳር ከተደረደሩት ዘጠኝ ሪአክተሮች አብዛኞቹ «ኮኩን» በሚባለው ዘዴ ታሽገዋል፦ ዙሪያቸውን ያለው ሕንጻ እስከ ወፍራሙ የመከለያ ግድግዳ ድረስ ይፈርሳል፣ በላዩም ለ75 ዓመት የታሰበ የብረት ጣሪያ ይደፋል። «ሲ» የተባለው ሪአክተር በ1998 ታሸገ። የ«ቢ» ሪአክተርም ዕጣ ይኸው ነበር። ያተረፈው ወዳጆቹ ከመታሸጉ በፊት ዓመታት ቀድመው መንቀሳቀሳቸው ነው፤ በኦገስት 2008 ብሔራዊ ታሪካዊ ምልክት ተብሎ ተሰየመ፣ በተከታዩ ዓመትም መደበኛ ጉብኝት ተጀመረ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ደብዳቤ መጻፍ ነው። ከባለቤቱ መሥሪያ ቤት ሦስት ሰነዶች ይጠይቁ፦ የጽዳትና የማፍረስ የጊዜ ሰሌዳውን፣ ከተቋራጩ ጋር የተገባውን ውል የሥራ ዝርዝር፣ የሕንጻውን የመጨረሻ የመዋቅር ምርመራ ሪፖርት። ሕንጻው በሰሌዳው ላይ ከአምስት ዓመት ያነሰ ጊዜ ከቀረው፣ ፓርክ ስለመሆኑ መነጋገሩን ትተው መጀመሪያ ማፍረሱ እንዲዘገይ ይጠይቁ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚተማመኑበት የ1966ቱ ብሔራዊ የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ሕግ ክፍል 106 ነው። ክፍሉ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሥራው በታሪካዊ ንብረት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አስቀድሞ እንዲያጤንና ባለጉዳዮችን እንዲያማክር ያስገድደዋል። አታፍርስ አይለውም። ምክክሩ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው «ፎቶ ተነስቶ፣ ታሪኩ ተጽፎ፣ ጥቂት ዕቃ ወጥቶ ይፍረስ» በሚል ስምምነት ነው። በምክክሩ የሚገቡ ከሆነ የትኛው ክፍል እንደሚቀር በካሬ ሜትር ጽፈው ይግቡ፤ «በተቻለ መጠን ይጠበቃል» የሚል ሐረግ አይፈርሙ።

የኬ-25 ነገር ይህን በደንብ ያሳያል። ኦክ ሪጅ የነበረው ይህ የዩራኒየም ማበልጸጊያ በዩ ፊደል ቅርጽ የተሠራ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲለካ አንድ ማይል የሚሄድ ሕንጻ ነበር። የሰሜኑ ክፍል እንዲቀር ስምምነት ነበረ። ሕንጻው ግን ለረጅም ዘመን ውሃ ሲጠጣ ኖሮ ወለሉ በስብሶ ነበር፤ በ2006 አንድ ሠራተኛ በበሰበሰው ወለል ሾልኮ ወደ 9 ሜትር ወደቀ። ከዚያ በኋላ የማቆየቱ ወጪና አደጋ እየገዘፈ ሄደ፣ ስምምነቱ ተለወጠ፣ በ2013 የመጨረሻው ክፍል ፈረሰ። ዛሬ ያለው የመሠረቱ አሻራና በ2020 የተከፈተ የታሪክ ማዕከል ነው። የተፈረመ ወረቀት የሚያፈስ ጣሪያ አይደፍንም።

ቆጠራው ከጽዳት ቡድኑ ይቅደም

የጽዳት ቡድን ሥራው ማውጣት ነው። በእጅ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ፣ የደረቀ የጎማ ጓንት፣ መሳቢያ ውስጥ የቀረ የፈረቃ መዝገብ ለእሱ ቆሻሻ ነው። ቆጠራው ከጽዳቱ ቀድሞ ካላለቀ በኋላ የሚገኘው ባዶ አዳራሽ ነው፤ ባዶ አዳራሽ ደግሞ ምን ይሠራበት እንደነበር አይናገርም።

ሥራው ክፍል በክፍል ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ክፍል ቁጥር ይሰጡ፤ ከአራቱም ማዕዘን፣ ወደ ላይና ወደ ታች ከመለኪያ ዘንግ ጋር ፎቶ ያንሱ። ለእያንዳንዱ ተንቀሳቃሽ ዕቃ መለያ ካርድ በጥጥ ክር ይሰሩ። ማጣበቂያ ቴፕ አይለጥፉ፤ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ሲላቀቅ የመጀመሪያውን ቀለምና ጽሑፍ ይዞ ይወጣል። የመለኪያዎቹ ቀስት የት ላይ እንደቆመ፣ ማብሪያዎቹ ወደየት እንዳዘነበሉ፣ ወንበሩ ወደየትኛው ሰሌዳ እንደዞረ ይመዝግቡ። ዕቃው ለጽዳት ወጥቶ ሲመለስ ማንም አያስታውሰውም።

ለቋሚ መዝገብ የሚሆነው የታሪካዊ አሜሪካ ምህንድስና መዝገብ የሚባለው የፓርኮች አገልግሎት (ብሔራዊ ፓርኮቹን የሚያስተዳድረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) ሥርዓት ነው። በትልቅ ፎርማት ካሜራ የተነሳ ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ የተለካ ንድፍና የጽሑፍ ታሪክ ይጠይቃል፤ ሰነዱም በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። የሌዘር ስካን ከዚህ ጎን ለጎን ይጠቅማል፤ ትልቁ ጥቅሙም ጨረር ባለበት ክፍል ውስጥ ሰው የሚቆይበትን ጊዜ ማሳጠሩ ነው። ስካኑን ግን ብቸኛ መዝገብ አያድርጉት። የፋይሉ ዓይነት ያረጃል፤ ፊልሙ ግን በብርሃን ፊት ተይዞ ይታያል።

የሚረሳ ነገር አለ፦ የምስጢር ምርመራ። በኦክ ሪጅ ያለው ዋይ-12 ዛሬም የኒውክሌር መሣሪያ ሥራ የሚካሄድበት ግቢ ነው፤ ሎስ አላሞስም የሚሠራ ቤተ ሙከራ ነው። እያንዳንዱ ፎቶ፣ ንድፍና የጽሑፍ ገጽ ከግቢው ከመውጣቱ በፊት ይመረመራል። በጊዜ ሰሌዳዎ ላይ ለምርመራው ሳምንታት ሳይሆን ወራት ይያዙ። ሰነዶቹንም በትንንሽ ክፍል ያቅርቡ፤ አንድ አጠራጣሪ ንድፍ ሌላውን ሁለት መቶ ገጽ አብሮ እንዳያስር።

የትኛውን ዘመን እናሳይ?

የቅርስ መዝገብ የቦታን ታማኝነት በሰባት ነገር ይለካል፦ በሥፍራው፣ በንድፉ፣ በአካባቢው፣ በቁሳቁሱ፣ በእጅ ሥራው፣ በሚሰጠው ስሜትና ከታሪኩ ጋር ባለው ትስስር። የሳይንስ ቦታ በቁሳቁሱ ላይ ሁልጊዜ ይቸገራል፤ ሳይንቲስት ዕቃውን ሳይቀይር አያድርም። ቢ ሪአክተር ሥራ የጀመረው ሴፕቴምበር 26 ቀን 1944 ነው፤ የተዘጋው በ1968 ነው። በመካከሉ ብዙ መለኪያና ቧንቧ ተለውጧል።

የእኛ ምርጫ ግልጽ ነው፦ ቦታው ሥራ ሲያቆም የነበረውን ይዘው ያቆዩ፣ ቀደም ያለውን በንድፍና በፎቶ ያሳዩ። የ1950ዎቹን ሰሌዳ ነቅሎ የ1944ን አስመስሎ መሥራት ሁለት ማስረጃ ያጠፋል፤ አንደኛው የተነቀለው ነው፣ ሁለተኛው ጎብኚው በቀሪው ላይ የሚኖረው እምነት ነው። የአሜሪካ መመሪያ አራት መንገድ ያውቃል፦ ባለበት ማቆየት፣ ለአዲስ አገልግሎት ማስማማት፣ ወደ አንድ ዘመን መመለስ፣ ከምንም ተነስቶ እንደገና መሥራት። ለሪአክተርና ለቤተ ሙከራ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ይጀምሩ።

የሚሠራ ተቋም ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ፓርኮች አገልግሎት በ1984 የጠፈር ጉዞ ቦታዎችን፣ በ1989 ደግሞ የሥነ ፈለክ ቦታዎችን ካጠና በኋላ ሳይንቲስቶች ተቃውመው ነበር፤ ታሪካዊ ምልክት መባል መሣሪያ እንዳንቀይር ያስረናል ብለው። ክርክሩ እስከ ኮንግረስ ደርሶ በ1991 በቅርስ ጥበቃና በከፍተኛ ቴክኖሎጂ ተቋማት ሥራ መካከል ስላለው ሚዛን ሪፖርት ወጣ። በተግባር የሚሠራው መፍትሔ ዝርዝር ማውጣት ነው፦ የትኛው ዕቃ ያለ ምክክር ይለወጣል፣ የትኛው ከመነካቱ በፊት ይመዘገባል፣ የትኛው አይነካም።

ሕጉና ስምምነቱ

ኮንግረስ አንድ ቦታ ፓርክ እንዲሆን ከመወሰኑ በፊት ጥናት ያዝዛል። ጥናቱ አራት ጥያቄ ይመልሳል፦ አገራዊ ፋይዳ አለው ወይ? በፓርኮቹ ሥርዓት ገና ያልተወከለ ታሪክ ይዟል ወይ? ማስተዳደሩ ይቻላል ወይ? የፓርኮች አገልግሎት በቀጥታ መግባቱስ የግድ ነው ወይ? የሳይንስ ቦታ በመጀመሪያው ጥያቄ እምብዛም አይወድቅም፤ የሚወድቀው በሦስተኛው ነው።

የማንሃተን ፕሮጀክት ጥናት በሕግ የታዘዘው በ2004 ነው። በ2009 መጨረሻ የወጣው ረቂቅ ወጪውንና ደኅንነቱን ፈርቶ ሎስ አላሞስን ብቻ ደገፈ። በ2011 የወጣው የመጨረሻ ሐሳብ ሦስቱንም ያዘ። ነገሩን ያዞረው የኢነርጂ መሥሪያ ቤቱ ሕንጻዎቹን በባለቤትነት ይዞ እንደሚቀጥል፣ የጥገናውንና የደኅንነቱን ኃላፊነትም እንደሚሸከም ማረጋገጡ ነው። በ2012 ሕጉ በተወካዮች ምክር ቤት አብላጫ ድምፅ አገኘ፤ ግን በተፋጠነው አካሄድ ሁለት ሦስተኛ ያስፈልግ ነበርና ወደቀ። ያለፈው ከ2015 የበጀት ዓመት የመከላከያ ፈቃድ ሕግ ጋር ተጣብቆ ዲሴምበር 19 ቀን 2014 ሲፈረም ነው። ሕጉ ለሁለቱ መሥሪያ ቤቶች አንድ ዓመት ሰጣቸው፤ የአገር ውስጥ ጉዳይና የኢነርጂ ኃላፊዎች ኖቬምበር 10 ቀን 2015 ስምምነቱን ፈረሙ፣ ፓርኩም ያን ቀን ተቋቋመ። ከጥናቱ ትእዛዝ እስከ ፓርኩ መቋቋም አሥራ አንድ ዓመት ሄዷል፤ የጣሪያ ጥገና በጀትዎን በዚህ ልክ ያስቡ።

አደጋው ትንሽ ከሆነ ክፍፍሉ ላያስፈልግ ይችላል። በኒው ጀርሲ ዌስት ኦሬንጅ ያለው የቶማስ ኤዲሰን ቤተ ሙከራ በ1887 የተሠራ ነው፤ እዚያ ባለቤቱም ተራኪውም ራሱ የፓርኮች አገልግሎት ነው። የኬሚካል ጠርሙስና የድሮ ሽቦ በሠለጠነ የሙዚየም ሠራተኛ ይያዛል። ፕሉቶኒየም የተሠራበት ቤት ግን አይያዝም።

ስምምነቱ ሲረቀቅ የሚከተሉት በስምና በኃላፊነት ካልተጻፉ በኋላ ጠብ ይሆናሉ፦ የጣሪያን ወጪ ማን ይከፍላል? በሩን ማን ይከፍታል፣ ማንስ ይዘጋል? ጎብኚ ቢታመም አዛዡ ማን ነው? የተንቀሳቃሽ ዕቃው ባለቤት ማን ነው? የማብራሪያ ጽሑፉን ለምስጢር የሚመረምረው በስንት ቀን ይመልሳል? ከሁሉ የሚረሳው የመጨረሻው ነው፤ ቀን ካልተቆረጠለት አንድ የማብራሪያ ሰሌዳ ዓመት ይጠብቃል።

አደጋውን በቅደም ተከተል ማውጣት

ነዳጅና የታሸገ የጨረር ምንጭ አንደኛ ይወጣል፤ ይህ ሳይጠናቀቅ ስለ ጎብኚ አይነሳም። ቀጥሎ በእጅ የሚነሳ ብክለት ይፈለጋል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ደረቅ የማሻሻ ወረቀት በ100 ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ይታሻል፣ ከዚያ በመለኪያ ይቆጠራል። ወለሉን በካሬ ከፋፍለው ይሂዱ፤ የቧንቧ ላይኛ ጫፍን፣ የመብራት መደርደሪያንና የአየር መተላለፊያ ቱቦ ውስጡን አይዝለሉ፤ አቧራ የሚተኛው እዚያ ነው። በእጅ የሚነሳው ረቂቅ አቧራ የሚይዝ ማጣሪያ (ሄፓ) ባለው መምጠጫና በእርጥብ ጨርቅ ይወሰዳል። ውሃ አይረጩ፤ ብክለቱን ወደ ኮንክሪቱ ስንጥቅ ያስገባዋል።

የማይነሳው፣ ማለትም ከገጽ ጋር የተጣበቀው፣ ሌላ ነገር ነው። የተለመደው መንገድ ኮንክሪቱን በአሸዋ ግፊት መላጥ ነው፤ ይህ የግድግዳውን ጽሑፍ፣ የጫማ ዱካና የቀለም ንብርብር ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ሌላው መንገድ ቀለም መቀባት ነው፤ ያኔ ሁለት የተለያየ ቀለም በንብርብር ይቀባል፣ የላይኛው ሲበላ የታችኛው ብቅ ብሎ ያስጠነቅቃል። ለወለል ይህ ጥሩ ነው። ታሪካዊ ጽሑፍ ላለበት ግድግዳ ግን ርቀትና ግልጽ መከለያ ይሻላል፤ ጎብኚው ያየዋል፣ አይነካውም።

የመጠኑ ስሌት ከጎብኚው ይልቅ ከአስጎብኚው ይጀምር። በአሜሪካ ለሕዝብ የተቀመጠው የጨረር ገደብ በዓመት 1 ሚሊሲቨርት፣ ማለትም 1,000 ማይክሮሲቨርት ነው። ለምሳሌ በጉብኝቱ መንገድ ላይ ከተፈጥሮው ልክ በላይ በሰዓት 2 ማይክሮሲቨርት ቢለካ፣ ሁለት ሰዓት የሚቆይ ጎብኚ 4 ማይክሮሲቨርት ይወስዳል፤ ምንም አይደለም። በዓመት 150 ቡድን የሚያስጎበኝ ሰው ግን 600 ማይክሮሲቨርት ይደርሳል። ስለዚህ አስጎብኚው ረጅም ንግግር የሚያደርግበት ማዕዘን የቦታው ዝቅተኛ ንባብ ያለበት ይሁን። ይህን ለማስተካከል ግድግዳ መገንባት አያስፈልግም፤ መቆሚያውን ሦስት ሜትር ማንቀሳቀስ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ጨረር ሲፈራ ኬሚካሉ ይረሳል። በ1940ዎቹ ሕንጻ ውስጥ የሚከተሉትን ሳይፈልጉ አይለፉ፦ በቧንቧ ሽፋንና በግድግዳ ሰሌዳ ውስጥ አስቤስቶስ፣ በቀለም ውስጥ እርሳስ፣ በግፊት መለኪያና በማብሪያ ውስጥ ሜርኩሪ፣ በትራንስፎርመርና በአሮጌ ፍሎረሰንት መብራት ማስነሻ ውስጥ ፒሲቢ የተባለው መርዛማ ኬሚካል፣ ብረቱ በተፈለጠበት ክፍል የቤሪሊየም አቧራ። ጨለማ ውስጥ የሚያበራ የመለኪያ ገጽ ካለ ራዲየም ነው ብለው ይነሱ፤ ብርሃኑ ቢጠፋም ጨረሩ አልጠፋም። መስታወቱን አይክፈቱ፣ አያጽዱትም፤ የተፈረፈረው ቀለም ከተነፈሰ ነው ጉዳቱ። በተዘጋ ግልጽ ሣጥን አስቀምጠው አየር ማስወጫ ያለው ቦታ ያቆዩት።

ጣሪያ፣ ላብና አይጥ

ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለጣሪያ ያውሉት። በተበከለ ሕንጻ ውስጥ የሚንጠባጠብ ውሃ ብረት ከማዛጉ በላይ ብክለቱን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ያጓጉዛል፤ ከዓመት በፊት ንጹሕ የተባለ ወለል እንደገና ብክለት ማሳየት ይጀምራል። ጣሪያው በዓመት ሁለት ጊዜና ከየማዕበሉ በኋላ ይታይ፤ የውሃ መውረጃው ይጠረግ። ከውስጥ ያሉትን የወለል ፍሳሾች በካሜራ ይከተሉ፤ ብዙዎቹ ከአሮጌው የሥራ ፍሳሽ መስመር ጋር የተገናኙ ናቸው፣ ከታች ወደ ላይም ይመልሳሉ። መጨረሻቸው ካልታወቀ ይደፈኑ።

ጣሪያው ደኅና ሆኖም ግድግዳው ያልባል። ወፍራም ኮንክሪት የክረምቱን ቅዝቃዜ ለወራት ይይዛል፤ በጸደይ ሞቃት አየር ሲገባ ውሃው በላዩ ይጠራቀማል። አየሩ 25 ዲግሪ ሴልሺየስና 60 በመቶ እርጥበት ካለው የጤዛ ነጥቡ፣ ማለትም እርጥበቱ ወደ ውሃ የሚለወጥበት ሙቀት፣ 17 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 14 ዲግሪ ላይ ያለ ግድግዳ ይረጥባል። «ይናፈስ» ተብሎ በር የሚከፈተው ደግሞ በዚሁ ቀን ነው፤ ስህተቱም ይህ ነው። ደንቡ፦ የውጪው አየር የጤዛ ነጥብ ከግድግዳው ሙቀት ሲያንስ ብቻ ይክፈቱ። በየ30 ደቂቃው የሚመዘግብ የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ ቢያንስ በአራት ቦታ ለሙሉ ዓመት ያኑሩ፤ ከዚያ በፊት ማሞቂያም ማድረቂያም አይግዙ።

አይጥ በተበከለ ቦታ ተራ ችግር አይደለም፤ የበላውን ይዞ ከአጥር ውጭ ይወጣል። ቀዳዳዎች ሁሉ ከ6 ሚሊሜትር ባልበለጠ የብረት ወንፊት ይዘጉ። ሀንፎርድ ደረቅ የቁጥቋጦ አገር ስለሆነ ነፋስ የሚያንከባልለው ደረቅ እሾህ በግድግዳው ሥር ይከመራል፤ ይህ ሲቀጣጠል ምን እንደሚሆን ሎስ አላሞስ አይታለች። የሜይ 2000 የሴሮ ግራንዴ ቃጠሎ የፈንጂ መገጣጠሚያ ከነበረው ቪ-ሳይት አብዛኞቹን የእንጨት ሕንጻዎች በላ። ከግድግዳው ዙሪያ ቢያንስ 10 ሜትር ሁልጊዜ ባዶ ይሁን።

የድሮውን የኤሌክትሪክ መስመር አያብሩ። የጎማ ሽፋኑ ደርቆ ሲነኩት ይረግፋል። መስመሩ ከምንጩ ይቆረጥ፣ ሽቦው ግን በቦታው ይቆይ። አዲሱ መብራት ግድግዳው ላይ በሚታይ ቱቦ፣ ነባር ቀዳዳዎችን ተጠቅሞ ይዘርጋ። በቁጥጥር ሰሌዳ ላይ ያሉ ጠቋሚ መብራቶች እንዲበሩ ከተፈለገ ከኋላ በዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚሠራ ኤልኢዲ ይግባ፤ መለኪያው ራሱ አይነካ።

ወረቀትና ፊልም

ከሕንጻው ቀድሞ የሚሞተው ፊልሙ ነው። የናይትሬት ፊልም እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ይሠራበት ነበር፤ ይቀጣጠላል፣ ከተቀጣጠለም በውሃ አይጠፋም። ለብቻው ለይተው ለባለሙያ ያስረክቡ። የሆምጣጤ ሽታ ያለው ፊልም የአሴቴት ነው፤ ሽታው ጎረቤቱንም ያበላሻልና ይለዩት፣ ቅጂ ያንሱለት፣ በቅዝቃዜ ያቆዩት። ሰማያዊ ቅጂ የምህንድስና ንድፎችን ለቅርስ ተብሎ በሚሸጠው አልካላይን ሣጥን ውስጥ አያስቀምጡ፤ ሰማያዊው ይደበዝዛል። ገለልተኛ ወረቀት ይጠቀሙ፤ ለዕይታም ከ50 ሉክስ አይለፉ፣ ለጥቂት ወራት ብቻ ያውጡ፣ ከዚያ ወደ ጨለማ ይመልሱ።

የጎብኚው መንገድና የሚነገረው

ሀንፎርድ 1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጎብኚው በራሱ መኪና አይገባም፣ በአውቶቡስ ይወሰዳል። ይህ ቁጥጥሩንም ያቀልላል፦ ስንት ሰው ገባ፣ ስንት ወጣ፣ በአውቶቡሱ ወንበር ይቆጠራል። መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ይሂድ፣ ወደ ኋላ አይመለስ፤ ደረጃና መሰላል ያለበትን ሁሉ ይዝለል። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሠራው ተዳፋት በብሎን የሚነቀል ይሁን። ጎብኚ ሊገባባቸው ለማይችሉ ሕንጻዎች በውጭ ፎቶና ሞዴል ያሳዩ፤ አጥር ላይ ቆሞ ሩቅ ጣሪያ ማየት ማንንም አያረካም። ከፓርኩ ውጭ ባለው፣ የመጀመሪያው አቶሚክ ቦምብ በተሞከረበት በትሪኒቲ ሰዎች አረንጓዴውን ቀልጦ የረጋ አሸዋ በኪሳቸው ይዘው ይሄዳሉ፤ ክልክል ነው፣ ግን ወለል ላይ የተተወ ነገር ሁሉ እንደሚነሳ አስበው ያቅዱ።

ሕንጻው ራሱ የሚናገረውን ቀድመው ያስነግሩት። የቢ ሪአክተር ፊት ነዳጅ የሚገባባቸው 2,004 ቱቦዎች አሉት። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ስሌት 1,500 በቂ ናቸው ይል ነበር፤ የገንቢው ኩባንያ የዱፖንት መሐንዲሶች ለጥንቃቄ 504 በማዕዘኖቹ ጨመሩ። ሪአክተሩ በተነሳ በሰዓታት ውስጥ ኃይሉ እየሞተ ሄደ፤ ከሂደቱ የሚወለደው ዜኖን-135 የተባለ ጋዝ ሂደቱን የሚያስቀጥለውን ኒውትሮን እየዋጠ ነበር። ያዳናቸው ተጨማሪ ነዳጅ የገባባቸው የማዕዘኖቹ ቱቦዎች ናቸው። አስጎብኚው እጁን ወደ ማዕዘኑ ቢዘረጋ ይበቃል፤ ስክሪን አያስፈልግም።

ሀንፎርድ የተሠራው ፕሉቶኒየም ግን ናጋሳኪ ላይ ወድቋል፣ የኦክ ሪጅ ዩራኒየምም ሂሮሺማ ላይ። ፓርኩ ሲታሰብ ቦምቡን ያወድሳል የሚል ስጋት ከሁለቱ ከተሞች ተነስቶ ነበር፤ የፓርኮች አገልግሎትም በኖቬምበር 2015 የታሪክ ምሁራንን ሰብስቦ ምን እንዴት እንደሚነገር መክሯል። በማብራሪያ ሰሌዳው ላይ የሚከተሉት ካልገቡ ሥራው ግማሽ ነው፦ በ1943 በጥቂት ሳምንት ማስጠንቀቂያ ከሀንፎርድና ከዋይት ብላፍስ እርሻቸው የተነቀሉት ቤተሰቦች፣ የዋናፑምና የያካማ ሕዝቦች ርስት፣ በዘር ተለይተው በተሠሩ ሰፈሮች ይኖሩ የነበሩት ጥቁር ሠራተኞች፣ ነፋሱ ከሀንፎርድ በሚነፍስበት አቅጣጫ ለኖሩት የደረሰው ጨረር። የሀንፎርድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅሪት ዛሬም ቆሟል፤ ጉብኝቱን ከዚያ መጀመር ከሪአክተሩ ከመጀመር የተሻለ ነው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ምንጩ በፋይል ይያዝ፤ በሎስ አላሞስ የፊዚክስ ሊቁ ሉዊስ ስሎቲን በሜይ 1946 ስለደረሰበት የጨረር አደጋ የሚነገሩ ወሬዎች ብዙ ናቸው፣ የፋይሉን እንጂ የወሬውን አይጻፉ።

ገንዘብ ሲጎድል

በጀት ሲቀንስ የጣሪያ ፍተሻውን አይቀንሱ፤ የጉብኝቱን መንገድ ያሳጥሩ። የሚዘጋው ክፍል በሥርዓት ይዘጋል፦ ዕቃው በፎቶ ከቆጠራው ጋር ይነጻጸራል፣ መስኮቱ አየር ማስገቢያ ባለው ሰሌዳ ይሸፈናል፣ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፣ የእርጥበት መለኪያው በባትሪ ይቀራል። በወር አንድ ጊዜ ሁለት ሰው አብሮ ይገባል፤ አንዱ ጣሪያና ግድግዳ ያያል፣ ሌላው ወለሉን በማሻሻ ወረቀት ይፈትሻል። ቁልፉ አንዱ በሕንጻው ባለቤት፣ ሌላው በፓርኩ እጅ ይሁን። የገቡበት ቀን፣ ያዩትና የለኩት በበሩ ውስጠኛ ገጽ በተሰቀለ ካርድ ላይ በእርሳስ ይጻፋል፤ ብዕር በእርጥበት ይፈሳል።